ለቆላው ወሎ መብራት፦ አገዳ በጋዚፋየር ወይስ ባዮጋዝ?

ቆቦ ላይ የማሽላ አገዳ ከምርት በኋላ ሞልቷል፤ ግን ከብቱም ምድጃውም ይሻሙታል። መጀመሪያ የሚተርፈው ይለካ።

ጋዚፋየር፦ አገዳው በጥቂት አየር ነዶ የሚሰጠው ጋዝ ሞተር ያዞራል። ለ1 ኪሎዋት ሰዓት 1.5 ኪሎ ያህል ደረቅ አገዳ ይበላል። ተቆራርጦ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መውረድ አለበት፤ ካልሆነ ቅጥራኑ ቫልቩን ያጣብቃል። አመዱም ቀልጦ እንደ ድንጋይ ይጋገርና ወንፊቱን ይደፍናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለው ቤት ውስጥ አይተከልም። ማጣሪያ የሚያጸዳ ቋሚ ሰው ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

ባዮጋዝ፦ እበትና ውኃ እኩል ለእኩል ተቀላቅለው አየር በሌለበት ሲብላሉ የሚሰጡት የሚነድ ጋዝ ነው። አገዳ ብቻውን ይንሳፈፋል፣ ቶሎም አይብላላም። ጋዙ ሞተር እንዳይበላ በብረት ፍቅፋቂ ይጣራል። ደጋ ላይ ብርዱ ያዘገየዋል።

ወፍጮ ለሚያዞር መንደር ጋዚፋየሩ፤ ውኃ ቅርቡ ለሆነና አራት ከብት ላለው ቤት ባዮጋዙ።