ካምቢዮዬን ከመፈታት በጠመኔና በሲባጎ ላዳኑልኝ መካኒክ የቀረበ ምስጋና

የተከበራችሁ የሀዋሳ ነዋሪዎች፣ በተለይም ራቭ ፎር፣ ቪታራና እነዚህን የመሳሰሉ ፎር ባይ ፎር የቤት መኪናዎችን የያዛችሁ ወገኖች፤ ይህን የምጽፈው በአንድ በኩል የተደረገልኝን ውለታ በዝምታ ማለፍ ስላልቻልኩ፣ በሌላ በኩል ደግሞ እኔ አምስት ወር ሙሉ የተንከራተትኩበትን ጉዳይ ሌላ ሰው እንዳይደግመው በማሰብ ነው። በሙያዬ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ መቅዳት፣ ውሃና ዘይት ማየትና በየዓመቱ ቦሎ ማሳደስ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የመካኒክ ዕውቀት የሚፈልግ ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2004 ሥሪት ራቭ ፎር ናት። የገዛናት ለመታየት አይደለም። እናቴ የምትኖረው ከሀገረ ሰላም ከተማ አለፍ ብሎ፣ ዝናብና ጭጋግ በማይለየው ደጋ ላይ በመሆኑ፣ ዋናውን መንገድ ለቅቀን ወደ መንደሩ ስንታጠፍ ክረምት ከበጋ ጭቃ አያጣንም። ከዚህ ቀደም በነበረችን አነስተኛ መኪና ስንሄድ ሁለት ጊዜ የመንደሩ ወጣቶች በገመድ ጎትተው አውጥተውናል፤ በሁለተኛው ጊዜ እናቴ ታማ ሐኪም ቤት ልናደርሳት ስለነበር፣ ያን ዕለት በጭቃው መካከል ቆሜ «ከእንግዲህ አራቱም ጎማ የሚስብ ካልሆነ በዚህ መንገድ አልመጣም» ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። በስሟ መጨረሻ ያለችው 4 ቁጥር የአራቱንም ጎማ መሳብ እንደምታመለክት የተረዳሁትም መኪናዋን ከገዛሁ በኋላ ነው።

ችግሩ የጀመረው ሁለቱ የፊት ጎማዎች አልቀው ወደ አንድ ጎማ መሸጫ በወሰድኳት ጊዜ ነበር። ሻጩ «ትንሽ ወፈር ያለ ቢሆን ለጭቃም ጥሩ ነው፣ ለመልክም ያምራል» ስላለኝ አመንኩትና ከፊት ሁለት አዲስ ጎማ አስገጠምኩ፤ የኋላዎቹ «ገና ናቸው» ስለተባለ እንዳሉ ቀሩ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሳምንት እኔም መኪናዋን የማስጌጥ አባዜ ይዞኝ ነበር። ፖርቶ መጋላ አሠራሁላት፣ የቆዳ መቀመጫ ልብስ አለበስኳት፣ የጭጋግ መብራት ጨመርኩላት፣ በነበረው ምንጣፍ ላይም ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ ደረብኩባት፤ ልጄም አይታ «እማ፣ መኪናችን ልታገባ ነው?» ብላ ስቃብኛለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ሙሽራዋ ማጉረምረም ጀመረች። አደባባይ ስዞር ወይም ጠበብ ባለ ቦታ ለማቆም መሪውን ስጠመዝዝ አንድ ሰው ከኋላ እንደያዛት ሁሉ እየተንገጫገጨች ትጎተታለች፤ ረጅም መንገድ ሄጄ ስመለስ ደግሞ ከሥሯ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ጋራዥ ስም አልጠራም። ዘጠኝ ቀን አቆይተው ኩሽኔት ነው አሉና ቀየሩ፣ ድምፁ ግን እንደነበረ ቀጠለ፤ ተመልሼ ብሄድ የካምቢዮ ዘይት ነው አሉና እሱንም ቀየሩ፣ አሁንም ያው ነው። በሦስተኛው ጊዜ ወንድሜን ይዤ ስሄድ የመኪናዋ ባለቤትና ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ ኃላፊው ፊቱን ወደ ወንድሜ አዙሮ ለእርሱ ብቻ ያስረዳ ጀመር። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለውም። የመጨረሻው ቃላቸው «ካምቢዮው ሞቷል፣ ወርዶ በሌላ መቀየር አለበት» የሚል ሲሆን፣ የጠሩት ዋጋም ከሰባት ወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር።

ሁለተኛው ጋራዥ በአንጻሩ ርካሽ መፍትሔ አለኝ አለ። «ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ካርዳኑን፣ አውጥተን እንጥለውና በሁለት ጎማ ትሂድ፣ ነዳጅም ይቆጥብልሻል» አሉኝ፤ ታዲያ ለሁለት ጎማማ የድሮዋ መኪናዬ ምን አጠፋች? አስቤ ልንገራችሁ ብዬ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። ቤት ደርሼ የኋላ በሯን ስከፍት ክሪኩ የለም። ተመልሼ ብጠይቅ አንዱ በአንዱ እያመካኘ ማንም ሳያየው ቀረ። የዚያን ቀን ማታ መኪናዋን ለደላላ ሰጥቼ ለመገላገል ወስኜ እንደነበር ባለቤቴ ምስክሬ ነው።

እኚህን የማመሰግናቸውን መካኒክ የጠቆመኝ የሰፈራችን ጎሚስታ ነው። ሚስማር የወጋውን ጎማ ሊሠራልኝ ፈትቶ እያየው «መምህርት፣ አቶቴ ሰፈር ያሉትን አባት ሳታሳዪ ማንም ምንም እንዳይፈታ» አለኝ። ጋራዣቸው ታፔላ የለውም፤ ከቆርቆሮ በር ወደ ውስጥ ሲገባ ሊሾ የተደረገ ግቢ፣ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍና ሁለት ወጣት ረዳቶች ናቸው ያሉት። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለለመኑኝ ቃላቸውን አከብራለሁ።

ችግሬን ሳስረዳ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ኮፈኑን ይከፍታሉ ብዬ ስጠብቅ እርሳቸው መኪናዋን ዞሩና በየጎማው ሥር እየተቀመጡ ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያም «መጀመሪያ ንፋስ አስሞልተሽ ተመለሺ፣ አራቱም እኩል ይሁኑ» ብለው መለሱኝ። ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ማሰናበቻ ነው እያልኩ አስሞልቼ መጣሁ። ጠመኔና ሲባጎ አስመጡ። በፊት ጎማው ላይ መሬት በነካበት ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረጉ፣ በትይዩው ሊሾው ላይም እንዲሁ፤ ረዳቶቹ መኪናዋን በቀስታ ገፏት፣ የጎማው ምልክት አንድ ጊዜ ዞሮ ተመልሶ መሬት ሲነካ እዚያም ምልክት አደረጉ። ከዚያ አብራኝ የነበረችውን የስድስተኛ ክፍል ልጄን ጠርተው የሲባጎውን ጫፍ አስያዟትና ርቀቱን ለኩ። በኋላ ጎማውም እንዲሁ ተደረገ። ልጄ በደብተሯ የመዘገበችው እነሆ፤ የፊቱ 2 ሜትር ከ19 ሳንቲሜትር፣ የኋላው 2 ሜትር ከ12 ሳንቲሜትር።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ ሲባጎውን በእጃቸው እየጠቀለሉ፣ «የፊቱ አንድ ሲራመድ የኋላው አንድ ተራምዶ አይደርስበትም። እርስ በርስ ሲጎተቱ ነው የሚውሉት። ካምቢዮሽ አልሞተም፣ ሰላም አጥቶ ነው።»

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን እፍረት መደበቅ አልፈልግም። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ ይዤ የክብ ዙሪያ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው በየኪሎ ሜትሩ የኋላው ጎማ ከፊተኛው 15 ዙር ያህል በልጦ ይሽከረከራል፤ ሻሸመኔ ደርሶ ለመመለስ 50 ኪሎ ሜትር ብንቆጥር 750 ዙር ማለት ነው። ያን ሁሉ ልዩነት ችሎ የሚውለው በፊትና በኋላ መካከል የተቀመጠ አንድ ነገር እንደሆነና ሽታውም ከእርሱ መሞቅ እንደመጣ አስረድተውኛል፤ ስሙን ሁለት ጊዜ ነግረውኝ ሁለት ጊዜ ረስቼዋለሁ። በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ የሚዘጋበት ብረት ላይ፣ የፋብሪካው የጎማ ልክ የተጻፈበት ተለጣፊ እንዳለም ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። እዚያ ላይ የሰፈረው 215/70 አር 16 ነው፤ ከፊት የተሸጠልኝ ግን 225/70 አር 16 ሲሆን፣ የኋላዎቹ ደግሞ ልካቸው ትክክል ቢሆንም ጥርሳቸው አልቆ የበለጠ አንሰዋል። ያ ተለጣፊ ሁልጊዜ በሩን በከፈትኩ ቁጥር ከዓይኔ ሥር ነበር።

ሒሳብ ስንት ነው ብላቸው «ለሲባጎ አላስከፍልም» አሉ። አራት ጎማ በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም እንደሌለኝ ስነግራቸው ደግሞ ሁለቱ ወፍራሞች ገና አዲስ ስለሆኑ ልኩ ለሚሆነው ሰው እንድሸጣቸው መከሩኝና በሦስተኛው ቀን ገዢውን ራሳቸው ፈልገው አገኙ፤ ለዚህም የድለላ አንዲት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ጎማ አይሸጡም፣ ከሻጭም ኮሚሽን አይቀበሉም። አንድ ዓይነት ማርካ፣ አንድ ዓይነት ልክ አራት ጎማ ገዝቼ ስመጣ የኋላውን ዲፈረንሻል ዘይት አወጡና አሮጌውን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው ለእኔ አሳዩኝ፤ ለወንድሜ ወይም ለባለቤቴ ሳይሆን ለእኔ። በዚያው ከሰዓት መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ በግቢው ውስጥ ስዞር መኪናዋ ድምፅ አላሰማችም። አምስት ወር ሙሉ የተጫነኝ ነገር ወርዶልኝ እንባዬ መጣ፤ እርሳቸው ግን ያላዩ መስለው ወደ ሌላ መኪና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ምክር ለሌሎቻችሁም እንዲጠቅም ላስፍር። የእንዲህ ዓይነት መኪና ጎማ ሲቀየር አራቱም አንድ ላይ እንዲቀየሩ፣ እስከዚያው እኩል እንዲያልቁ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ከኋላው ማፈራረቅ እንደሚገባ፣ ስኮርት ጎማውም ልኩ ያው መሆን እንዳለበት፣ ተበላሽታ ብትቆም ደግሞ ሁለት እግሯን አንጠልጥሎ መጎተት ሌላ ብልሽት ስለሚያመጣ አራቱም ከመሬት ተነሥተው በመኪና ላይ እንድትጫን አሳስበውኛል። ከሾፌሩ ወንበር ሥር የደረብኩትን የላስቲክ ምንጣፍም በራሳቸው እጅ አውጥተው አስረከቡኝ፤ ተንሸራቶ ነዳጅ መስጫውን ቢይዝ ምን እንደሚከተል ሲነግሩኝ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ለፖርቶ መጋላው ዕቃ የማትጭኝበት ከሆነ አውርጂው፣ ንፋስ እየያዘ ነዳጅሽን ይበላል ብለውኛል፤ እስካሁን አላወረድኩትም፤ እዚህ ላይ አልሰማኋቸውም። ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የቀረችው ግን ወደ ሀገረ ሰላም እንደምመላለስ ስነግራቸው የተናገሯት ናት፤ «አራቱ ጎማ መነሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ከጭቃ ያወጣሻል ብለሽ ቁልቁለት ላይ እንዳትፈጥኚ፣ ፍሬን ላይ ከማንም መኪና አትበልጪም።»

ባለፈው ወር ሙሉ ቀን ከዘነበ ዝናብ በኋላ እናቴ ቤት ድረስ ማንም ሳይጎትተን ገባን። እናቴ ታሪኩን ስትሰማ ቆጮና ቅቤ ጠቅልላ «ለዚያ ለሚለካው ሰውዬ አድርሺልኝ» አለችኝ። ይዤላቸው ስሄድ የቅቤውን ግማሽ ለረዳቶቹ ቆረሱ።

እርግጥ ነው፣ ጉድለት የላቸውም አልልም። ስልክ አያነሱም። ወረፋ አለ፤ ቀን የቀጠሩትን ለማግሥቱ ሊያሳድሩት ይችላሉ። የኤሌክትሪክ ሥራ አይነኩም፣ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብለው ወደ ሌላ ይልካሉ። ይሁን እንጂ የማያውቁትን አላውቅም የሚሉ፣ ሳይለኩ የማይፈቱና ሴት ደንበኛን በአክብሮት የሚያናግሩ ባለሙያ ስለሆኑ፣ መኪናችሁ ስትዞር የምትጎተት ከሆነ ካምቢዮ ከማውረዳችሁ በፊት እባካችሁ፣ ደግሜ እላለሁ እባካችሁ፣ እርሳቸውን አሳዩ። በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ አቅጣጫውን እነግራለሁ። እሑድ አይሠሩም፣ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ነው። ስትሄዱ ግን አስቀድማችሁ የአራቱንም ጎማ ንፋስ እኩል አስሞልታችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ ከበር ላይ መልሰው ይልኳችኋል።