ፊቼ ጨምበላላን ለማክበር ወደ ሐዋሳ፦ ገንዘቡ የት ቢወጣ ያዋጣል?

ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጨምበላላ፣ ከውጭ አገር ወደ ሐዋሳ ለምትመጡ ምክሬን አስቀድሜ ልናገር፤ ገንዘባችሁን ለክብር እንግዳ ድንኳን ሳይሆን ለአስተርጓሚ አውጡት። ጊዜ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል፤ ቀሪው ምክንያቱ ነው።

የሄድኩት ጭፈራ ለማየት ብቻ አልነበረም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለን ሰዎች ቡና ላይ ስንቀመጥ፣ ሲዳማ ክልል የሆነበትን ሕዝበ ውሳኔ እስካሁን እንከራከርበታለን። አንዱ "አገር እንዲህ እየተሸነሸነ የት ሊደርስ ነው" ይላል፤ ሌላው "ሕገ መንግሥቱ የሰጣቸውን ነው የጠየቁት" ብሎ ይነሣበታል። በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መካከል አንድም ሲዳማ ተቀምጦ አያውቅም። ስለዚህ እናቴን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ስገባ፣ ባለቤቶቹ በገዛ በዓላቸው ላይ ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ ጉዞዬን ከፊቼ ጋር አገጣጠምኩት። እናቴ "ዓሣ ለመብላት ነው በይ እንጂ" አለችኝ፤ እሱም አልቀረ።

ማገጣጠሙ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፊቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ቢሆንም እንደ እንቁጣጣሽ ቀኑ የተቆረጠ አይደለም። አያንቶ የሚባሉት የከዋክብት አዋቂዎች ሰማዩን መርምረው ቀኑን ይወስናሉ፤ ከዚያ ለየጎሳው ይነገራል። በዓሉ በየዓመቱ ቦታውን ይለውጣል። ስለዚህ ቀን ማስቀየር የሚፈቅድ ቲኬት ካልሆነ አትቁረጡ። የእኔ ትኬት ቆራጭ ሐበሻ በመሆኗ ነገሩ ገብቷት ያለ ቅጣት አዛወረችልኝ፤ እግዜር ይስጣት።

መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና ከነሹፌሩ ተከራየሁ። እስከ ሞጆ በአዳማው የፍጥነት መንገድ፣ ከዚያ በአዲሱ መንገድ መቂንና ባቱን ሽው ብሎ ማለፍ ነው። ከባቱ በኋላ ግን አሮጌው መንገድ ይመጣል፤ ሻሸመኔ ላይ ባጃጁ፣ ጋሪውና አይሱዙው ተደበላልቀው ሰው ያሰለቻሉ። ሹፌሩ ትሁትና ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ስልክ እየነካካ አይነዳም። በበዓሉ ጠዋት በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ጉዱማሌ የሚወስዱት መንገዶች ስለሚዘጉ ዋዜማውን ገብታችሁ እደሩ ያለኝ እሱ ነው፤ እውነቱን ነበር።

ማረፊያ በበዓሉ ሰሞን ይወደዳል። አንድ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል በስልክ በብር የነገረኝን ዋጋ፣ ፓስፖርቴን ሲያይ ወደ ዶላር ለወጠው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን (እኛ ቢጫ ካርድ የምንለውን) ባወጣም "አለቃዬን ልጠይቅ" ብሎ የሄደው ልጅ ቀረ። ሻንጣዬን ጎትቼ ወጣሁና ከታቦር ተራራ በታች፣ ሠፈር ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አገኘሁ። ውሃ ሌሊት ሌሊት ይሄዳል፤ ባልዲ ተሞልቶ ይቀመጣል። አንሶላው ግን የፀሐይ ሽታ አለው፤ ቁርሱ ጨጨብሳ ከማር ጋር ነው። የቤቱን እመቤት በድጋሚ እጠቅሳቸዋለሁ።

አሁን ወደ ድንኳኑ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት "የክብር እንግዳ ጥቅል" ብሎ ወንበር፣ ጥላ፣ ውሃና ምሳ ያለው ነገር ሸጦልኛል። ጉዱማሌ ሰፊ ሜዳ ነው፤ መግቢያው ለማንም ክፍት ነው፣ ማንም አይከፍልም። ድንኳኑ የቆመው ከመድረኩ ጎን ስለነበር የባለሥልጣናቱ ንግግር ጆሮ እስኪያደነቁር ይሰማል፤ በንግግሮቹ መካከል ማስታወቂያ አለ። ቄጣላ የሚባለው የሕዝቡ ጭፈራ ግን ከፊታችን አቧራ አስነሥቶ ያልፋል፣ ድምፁም በድምፅ ማጉያው ይዋጣል። አጠገቤ የተቀመጡት ከአውሮፓ የመጡ ባልና ሚስት ያለማቋረጥ ቪዲዮ ይቀርጹ ነበር። "ምን እያሉ ነው?" ብዬ አስተናጋጁን ብጠይቀው "የደስታ ዘፈን ነው" አለኝ። ይህን እኔም በዓይኔ አየዋለሁ።

ከሰዓት ላይ ወንበሩን ትቼ ለአስተርጓሚነት የቀጠርኩትን ወጣት ይዤ ሜዳው ውስጥ ገባሁ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ትውልዱ በንሳ፣ ቡና አብቃይ ቤተሰብ። ቄጣላ ማለት ከየወረዳው፣ ከየጎሳው የመጡ ሰዎች ተሰልፈው፣ ጦርና ዱላ ከፍ አድርገው፣ መሬቱን በእግር እየደበደቡ የሚሉት ዜማ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ልጁ በጆሮዬ ቃል በቃል ይነግረኝ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ዘመኑ መልካም ይሁን፣ ከብቱ ይርባ የሚሉ ናቸው። ቀጥሎ የመጡት ጎረምሶች ግን ቡናውን እኛ ለቅመን ትርፉን ሌላ ይበላል፣ ዲግሪ ይዘን አባታችን ቤት ተቀምጠናል እያሉ ነው። ሌሎቹ በስም ሳይጠሩ አንድን ሹም ይወርፋሉ፤ ሰዉ ይስቃል፣ ፖሊሱም ይስቃል። ከድንኳኑ ሲታዩ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት "የደስታ ዘፈን" ነበሩ።

ሽማግሌዎቹም ሲመርቁ አብረው ይገሥጻሉ። ሥሩ፣ ታላላቆቻችሁን አክብሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ አትለምኑ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ። ዩኔስኮ በዓሉን በ2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲመዘግበው ይህንኑ የሽማግሌ ምክር ጠቅሷል። ልጁ "የሐሰት ምስክር የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ሹሞቹን ነው የሚያዩት" አለኝና ፈገግ አለ። እኔ አላየሁም፤ እሱን ግን አምነዋለሁ።

ማግስቱን የልጁ አጎት ቤት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ተጋበዝን። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስኳርና ቡና ይዘን ሄድን። ደጃፉ ላይ እርጥብ ቅጠልና ለጋ ግንድ ታጥፎ እንደ ቅስት ቆሟል፤ ሁሉቃ ይሉታል። በዋዜማው ምሽት ቤተሰቡም ከብቱም በሥሩ ሾልኮ ነው አዲሱን ዓመት የተቀበለው። በዚያ ሰሞን ከብት አይገረፍም፣ ጥሩ ሣር ወዳለበት ይሰማራል። የጎረቤት ልጆች "አይዴ ጨምበላላ!" እያሉ ይገባሉ፣ በልተው ይወጣሉ፣ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ለእኛም ቡርሳሜ በሻፌታ፣ በሸክላው ገበታ፣ ቀረበ። ቡርሳሜው ከእንሰት የተሠራ ነው፤ ቅቤው ከላይ ወርቅ መስሎ ቆሟል፤ ወተት በጎን አለ። በታሪካቸው ፊቼ አንዲት ሴት ናት፤ ካገባች በኋላ በዓመት አንዴ ወላጆቿን ለመጠየቅ ስትመጣ ይህንኑ ምግብ ይዛ ትመጣ ነበር፣ ጎረቤትም ይካፈል ነበር። (ከአሜሪካ በዓመት አንዴ ለምንመጣ ሰዎች የተሠራ በዓል ነው ማለት ነው፤ እኛ የምንይዘው ግን ቫይታሚንና ጫማ ነው።)

አጎትየው ሻፌታውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው "ልጄ፣ እኛ ይህችን ነው የመረጥነው" አሉኝ። እውነት ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የነበሩት ሁለት ምልክቶች ሻፌታና ጎጆ ናቸው፤ ሻፌታ ክልል ለመሆን፣ ጎጆ ከደቡብ ክልል ጋር ለመቆየት። 98.5 በመቶው ሻፌታን መረጠ። እኛ ሜሪላንድ ውስጥ ስለ "መገንጠል" ስንጯጯህ፣ እዚህ ሰው የበላበትን ሸክላ ነው ምልክት ያደረገው።

ከዚያ አጎትየው እንደ ሕግ መምህር ያብራሩልኝ ጀመር። የዞኑ ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ክልል እንሁን ብሎ ወሰነ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ ይደራጅ ይላል። ዓመቱ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሞላ፤ ምርጫው አልተካሄደም። ኤጄቶ የሚባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ "ራሳችን እናውጃለን" አለ፣ ግጭት ተነሣ፣ በዞኑ ውስጥ ብዙ ሰው ሞተ፣ ንብረት ተቃጠለ። የሞቱት ውስጥ ሲዳማ ያልሆኑም እንዳሉበት እሳቸው ራሳቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። ጥያቄውም አዲስ እንዳልሆነ ሲያስረዱኝ ወደ ኋላ፣ ወደ ግንቦት 16 ቀን 1994 ወሰዱኝ። የሐዋሳን አስተዳደር ለመቀየር የታሰበውን ተቃውመው የወጡ ሰዎች ሐዋሳ ዳርቻ ባለችው ሎቄ ላይ በጥይት የተገደሉበት ቀን ነው። በሰኔ 2012 ሲዳማ ዐሥረኛው ክልል ሲሆን አልቅሰዋል። "አሁንስ?" አልኳቸው። በግቢው ጥግ ባጃጁን የሚያጥበውን ልጃቸውን አሳዩኝ። ኢንጂነሪንግ ጨርሷል።

ወደ ማረፊያዬ ስመለስ ያየሁትን ለቤቱ እመቤት አወራሁላቸው። እሳቸው ወላይታ ናቸው፤ ሐዋሳ ላይ ልጅ ወልደው ልጅ ድረዋል። ዝም ብለው ሰሙኝና "በ2010 እኔ በዚህ በዓል ከቤት አልወጣሁም" አሉ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ በፊቼ ሰሞን፣ በሲዳማና በወላይታ ሰዎች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቷል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሐዋሳ ድረስ መጥተው ሕዝብ አነጋግረው ነበር። "ዛሬ ሰላም ነው፤ የጎረቤቴ ልጆችም ቡርሳሜ አምጥተውልኛል። ግን ልጄ የመንግሥት ሥራ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቋንቋውን ነው" አሉ። የቀድሞው ደቡብ ክልል ከተበታተነ በኋላ የክልል መሥሪያ ቤቶች ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሆሳዕና ሄደዋል፤ እሳቸው ያከራዩአቸው የነበሩት ሠራተኞችም አብረው ሄዱ። በዚያ ዕለት ከሰማሁት ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ አጎትየውም እሳቸውም ልክ ናቸውና።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ባጃጅ ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በበዓል እጥፍ ይጠራሉ፣ ስትስቁባቸው ይቀንሳሉ። ቴሌብር በሁሉም ቦታ ይሠራል፤ ሲም ካርዱን አዲስ አበባ አውጡ። አሞራ ገደል የዓሣው ገበያ ጠዋት ነው የሚያምረው፤ የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ በሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ግን እጃችሁ ላይ ያለውንም አይምሩም። ከበዓሉ ጋር ተያይዞ የተዘጋጀ አንድ የውይይት መድረክም ገብቼ ነበር። አቅራቢዎቹ የተማሩ ናቸው፣ ሉዋ የሚባለውን የዕድሜ እርከን ሥርዓትና የአፊኒን ሽምግልና በደንብ አስረድተዋል፤ ሰዓቱ ግን በመክፈቻ ንግግር አልቆ ለጥያቄ ቦታ አልቀረም።

አስተርጓሚውን ስትመርጡ ገጠር ተወልዶ ያደገ ይሁን፤ የከተማ ልጅ የቄጣላው ቅኔ ያመልጠዋል። ሙሉ ቀን ቅጠሩት፣ ምሳውን ቻሉ፣ ክፍያውን ከቀኑ መጀመሪያ ተስማሙ። እኔ የሰጠሁት ድንኳኑ ካስወጣኝ ግማሹን አይሞላም፤ ስለ ጨመርኩለትም አልቆጨኝም። አንድ ጉድለት ነበረው፤ ወንድ መሆኑ። ያካ የሚባል የሴቶች ማኅበር አላቸው፤ አንዲት ሴት ባሏ ሲበድላት ሲቆ የተባለውን በትር ይዘው በኅብረት ወደ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ፣ በዳዩም ይቀጣል። እናቶቹ ሲቆአቸውን ይዘው ለብቻቸው ተቀምጠው ሲያወሩ ልጁ ሊጠጋ አፈረ፤ እኔም እንደ ዲዳ አጠገባቸው ተቀምጬ ፈገግ ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) የምትችል፣ ይህን ሥራ የምትሠራ ሴት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ለሚመጣው ፊቼ ከአሁኑ ላስይዛት እፈልጋለሁ።