በቃል የተያዘ ቤት እና የተመዘገበ የኪራይ ውል

በአራት ኪሎም ሆነ በቂርቆስ አንድ ክፍል ቤት የሚፈልግ ሰው ከደላላ ጋር ዞሮ ቤቱን ካገኘ በኋላ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል፤ በቃል ተስማምቶ መግባት፣ አለዚያም ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ማስመዝገብ። የቃሉ ስምምነት ፈጣን ነው፤ ጥቅሙም ከዚህ እምብዛም አያልፍም። አከራዩ በየጊዜው «ኑሮ ተወደደ» ብሎ ሲጨምር፣ ወይም «ልጄ ሊያገባ ነውና ልቀቅልኝ» ሲል፣ ተከራዩ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ በመርህ ደረጃ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ብዙ አከራዮች ምዝገባውን የሚሸሹት፣ በግልጽ ባይናገሩትም፣ የኪራይ ገቢ ግብርን በመፍራት ይመስለኛል። ተከራዩም ቢሆን ነጻ አይደለም፤ ኪራዩን በወቅቱ መክፈልና ቤቱን በእንክብካቤ መያዝ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ውሉ ሲፈረም የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ንባብ፣ የተሰነጠቀው መስታወትና የላላው የበር ቁልፍ ሳይቀሩ በጽሑፍ ቢሰፍሩ ሁለቱንም ወገን ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናሉ።