ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ ለምትሉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ስለ ፒያሳዋ የሲቪ ቢሮ

ደሴ ፒያሳ ፎቅ ላይ ሲቪ የሚሠራባት፣ ኦንላይን የሚመዘገብባት አንዲት ትንሽ ቢሮ አለች፣ ባለቤቷ ስሜ በየቦታው እንዲዞር አልፈልግም ስላለችኝ ስም አልጠራም ግን ፒያሳ ወርዶ ለጠየቀ የሚያሳየው ሰው አያጣም። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሜንቴናንስ ላይ ነኝ፣ ዕድሜዬ አርባን እየተጠጋ ነው፣ ልጆች አሉ፣ ኪራይ አለ፣ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ደግሞ ደሞዝ ጨምሮ ና ብሎኛል። ስሄድ ሲቪ አሠርቼ ልመለስ ብቻ ነበር ያሰብኩት።

ልጅቱ ድሮ ኤች አር ላይ ትሠራ ነበር፣ ያስታውቃል። ኮምፒውተሩን ሳትነካ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የቅጥር ደብዳቤዬን ነው። ቀኑን አየችና "ወንድሜ አምስት ዓመት ሊሞላህ እኮ ወራት ነው የቀሩህ፣ አሁን ብትለቅ የስንብት ክፍያህን ጥለህ ነው የምትሄደው" አለችኝ። ደሞዝና ደሞዝ ብቻ ሳወዳድር ስለከረምኩ ይሄን ጭራሽ አላሰብኩትም። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ ቢያንስ 5 ዓመት አገልግሎ ከሆነ፣ ለሥልጠና ተብሎ ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ ብሎ የፈረመው ግዴታ ከሌለበት፣ የስንብት ክፍያ ያገኛል። ስሌቱንም ወረቀት ላይ ሠርታ አሳየችኝ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዛ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዛ ሲሶ ይጨመራል፣ አምስት ዓመት ሲሞላ የ70 ቀን ደሞዝ ማለት ነው። ለኛ ለቤተሰብ ኃላፊዎች 70 ቀን ቀላል ነገር አይደለም፣ አዲስ አበባ ገብቶ የቤት ኪራይ ቅድሚያ የሚከፈለው ከየት ይመጣል ለሚል ሰው መልሱ ይሄው ነው።

ቀጥላ ፔንሽኑን አየችልኝ። ከግል ድርጅት ወደ ግል ድርጅት ስትቀይሩ የአገልግሎት ዓመቱ አይጠፋም ይደመራል፣ ግን ከናንተ 7 ከመቶ ተቆርጦ አሠሪው 11 ጨምሮ በትክክል ገቢ ማድረጉን ሳትለቁ በፊት አጣሩ ነው የምትለው፣ ከለቀቁ በኋላ ያንን መከታተል መከራ ነው። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ውልቅ ብሎ መሄድ ደግሞ እስከ አንድ ወር ደሞዝ ድረስ ካሳ ያስከፍላል፣ ከቀሪ ሂሳባችሁ ላይ ነው የሚቆረጠው። የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለክፍያ ማግኘት መብታችሁ ነው፣ የሠራችሁት ሥራ፣ ዘመኑና ደሞዙ ይጻፍበታል። (የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩበት ሕግ ሌላ ስለሆነ እናንተ ለብቻ ጠይቁ።)

ግን ቢሮዋን የወደድኳት በሕጉ ብቻ አይደለም። ሲቪው ላይ ስንደርስ "ያለፉትን ሁለት ዓመታት ምን አዲስ ነገር ሠራሁ ብለህ ነው የምታስጽፈኝ?" አለችኝ። ቦይለር ላይ የሠራሁት ነገር ስለነበር ነገርኳት፣ ጻፈችው፣ ከዛ "እንግዲህ እዛው ሆነህም እየተማርክ ነው፣ የምትሸሸው ቦታ አይደለም፣ ተረጋግተህ ምረጥ" አለች። ከኔ ቀጥሎ የተቀመጠውን ሰውዬ ግን ስትጠይቀው ሦስት ዓመት ሙሉ የሚጨምረው አንድ መስመር አጣ፣ እሱን ቶሎ ሌላ ሥራ ፈልግና ውጣ አለችው። ለኔ እስከዛሬ ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይሄ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንለቀው ከአለቃ ጋር በተጋጨን ሳምንት ነው፣ ያ ሳምንት ደግሞ ለምንም ውሳኔ አይሆንም።

ድርጅቱንም እንድታዩት ታደርጋለች። የኛ አካባቢ ፋብሪካ በ2014ቱ ጦርነት ምን እንደደረሰበት የማያውቅ የለም፣ ማሽን ተዘርፎ ተሰባብሮ ነው የጠበቀን፣ በዛው ዓመት ደግሞ አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚላክበት ዕድል፣ ተሰረዘች፣ ወደ አሜሪካ የሚልኩት ልብስ ሰፊዎች ትዕዛዝ ቀነሰባቸው። ስለዚህ ስፔርፓርት እየመጣ ነው ወይ፣ ኦቨርታይም ቆሟል ወይ፣ ደሞዝ ከቀኑ ማለፍ ጀምሯል ወይ ብላ ትጠይቃለች። እነዚህ ሦስቱም ባንድ ላይ ከመጡ የአምስት ዓመቱንም መሙላት አትጠብቁ ነው የምትለው፣ እኔም እስማማለሁ፣ ከከሰረ ድርጅት ላይ ስንብት ማስከፈል ፍርድ ቤት መመላለስ ነው።

የማልስማማበትም አለ። ኪራይና ትራንስፖርት ታሰላለች፣ ቅሬን (እድራችንን ማለቴ ነው) ግን አታሰላም። እናቴ ሐይቅ ናት፣ ሲመሽ ተጠርቼ የምደርሰው ኮምቦልቻ ስላለሁ ነው። ቤቴ ውስጥ ሐዘን ቢገባ ድንኳን የሚጥለው፣ ቡና አፍልቶ ዱአ የሚያደርግልኝ ጎረቤት አዲስ አበባ ስገባ በአንዴ አይገኝም፣ ለሱ ስንት ዓመት መኖር ያስፈልጋል። በሃያ አምስት ዓመቱ ለሚሄድ ልጅ ይሄ ላይከብድ ይችላል፣ በኛ ዕድሜ ግን ከደሞዙ ጭማሪ ጎን ለጎን መመዘን አለበት ባይ ነኝ። ይሄን ስነግራት አልተከራከረችኝም፣ "እሱን አንተ ነህ የምታውቀው፣ አብሽር" አለችኝ።

ሌላው ጉድለት ቦታው ነው። አንዲት ክፍል ናት፣ መጋረጃም የላትም፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ወሬያችሁን ይሰማል፣ ከሰሚዎቹ አንዱ ደግሞ ያንድ ፋብሪካ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ኮምቦልቻ ትንሽ ናት እስከ ማታ አለቃችሁ ጆሮ ይገባል። እባክሽ ይሄን አስተካክይው እህቴ፣ ሰው መተዳደሪያውን ይዞ ነው ካንቺ ፊት የሚቀመጠው። የደሞዝ ድርድር ላይም ገና ናት፣ ከፍ አድርገህ ጥራ ትላለች እንጂ እንዴት ብለህ እንደምትጠራው አላሳየችኝም።

ዋጋው ሲቪ 300፣ ምክሩ 500 ብር ነው፣ ሥራ አስገባሃለሁ ብላ አንድ ብር አትጠይቅም። በቴሌግራም ቅድሚያ ላኩልኝ ከሚሉት ደላሎች ጋር አታወዳድሯት፣ እነሱን ራቋቸው።

እኔ እስካሁን አልለቀቅኩም። አዲስ አበባ ደውዬ አምስት ዓመቱ እስኪሞላና ማስጠንቀቂያዬን እስክጨርስ ትጠብቁኛላችሁ ወይ አልኳቸው፣ እንጠብቅሃለን የሚል መልስ ሰጥተውኛል፣ በጽሑፍ አድርጉልኝ ብያቸው እየጠበቅኩ ነው። የምትሄዱ ካላችሁ የቅጥር ደብዳቤ፣ የመጨረሻውን የደሞዝ ፔሮል፣ የፔንሽን ቁጥራችሁንና ሥልጠና ሄዳችሁ ከሆነ የፈረማችሁበትን ውል ያዙ። ሰኞ ወረፋው ስለሚበዛ ባትሄዱ ይሻላል፣ ወደ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሰው ስለሚቀንስ ያኔ በደንብ ትነጋገራላችሁ።