ኪውኢንኪው ወይስ ቪኤክስላን?

ፒያሳና ሜክሲኮ ያሉ ሁለት ቢሮዎችን በሌየር 2 (አንድ ስዊች ላይ የተሰኩ ያህል) ለማገናኘት የቱ ይሻላል ለምትሉ፦ ኪውኢንኪው (QinQ) የደንበኛው ቪላን (ኔትወርክን የሚከፋፍል ቁጥር) ታግ ላይ ሌላ የውጪ ቪላን ታግ ይደርባል፣ ቪኤክስላን (VXLAN) ደሞ የደንበኛውን ትራፊክ አይፒ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ ይልካል።

ወጪ፦ ኪውኢንኪው ብዙ ሜትሮ (የከተማ ኔትወርክ) ስዊች ላይ አለ። ቪኤክስላን የሚችል ስዊች ግን ወደድ ይላል።

ኮንፊግ፦ ኪውኢንኪው ላይ የደንበኛው ፖርት ላይ የውጪውን ቪላን ትሰጣለህ በቃ፣ የደንበኛው ታግ ውስጡ እንዳለ ያልፋል። ግን ኤምቲዩ (በአንዴ የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን)! ታጉ 4 ባይት ይጨምራል፣ መሃል ያለ አንድ ስዊች ካልተስተካከለ ፒንግ ይሰራል ትልቅ ፋይል ግን ይንጠለጠላል፣ ከዛ ሁሉም ፋየርዎሉን ይጠረጥራል እኮ። ቪኤክስላን ደሞ 50 ባይት ነው የሚጨምረው።

ሪስክ፦ ኪውኢንኪው ላይ የደንበኞች ማክ አድሬስ (የመሳሪያ መለያ) መሃል ያሉ ስዊቾች ላይ ይከማቻል፣ የውጪ ቪላንም ከ4094 አያልፍም። ቪኤክስላን 16 ሚሊዮን ገደማ የኔትወርክ መለያ ይይዛል፣ ግን ሲበላሽ ምክንያቱን ማግኘት ያደክማል።

መሃሉ ስዊች ብቻ ሆኖ ደንበኛው ጥቂት ከሆነ ኪውኢንኪው፣ መሃሉ አይፒ ራውቲንግ ከሆነ ቪኤክስላን።