ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ የአየርላንድን ሙዚቃ በነፃ ለማድመጥ

መጋቢት 8፣ የቅዱስ ፓትሪክ ዕለት ሲደርስ የአየርላንድ ሙዚቃና ጭፈራ በኢንተርኔት በነፃ ይጎርፋል። ቲኬት የለውም፤ ዳታ ግን ይበላል። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ኔትወርኩ ማታ ለሚደክምበት ሰው ቀጥታ ስርጭቱን አንመክርም። ሰዓቱም ያሳስታል፦ ለደብሊን 20:00 ተብሎ የተጻፈው እዚህ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። ከመጋቢት 16 እስከ 22 ባለው እሑድ አየርላንዶች ሰዓታቸውን ስለሚለውጡ ከዚያ ወዲህ 4 ሰዓት ይሆናል።

የተቀዳውን መምረጥ ይሻላል፤ ከተቀዳውም ድምፁን። በ128 ኪሎቢት የሚጫወት ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ ግን 450 ያስከፍላል። ለዚህ በ1987 እ.ኤ.አ. ደብሊን ውስጥ የተቋቋመው የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ አንደኛ ምርጫችን ነው። ቅጂውም ኖታውም በነፃ ይገኛል።

መጀመሪያ ኢለን ፓይፕስ የተባለውን የአየርላንድ ባለ አቁማዳና ባለ ቱቦ የሙዚቃ መሣሪያ ስሙ። በአፍ አይነፋም፤ ነፊው በክርኑ ወናፍ እየጫነ አቁማዳውን በአየር ይሞላል፣ ስሙም በአይሪሽ ቋንቋ ከክርን የመጣ ነው። ሙሉው መሣሪያ ዜማ የሚወጣበት አንድ ቱቦ፣ ድምፃቸውን ሳያቋርጡ የሚይዙ ሦስት ቱቦዎች፣ በእጅ አንጓ የሚነኩ ቁልፎች ያሏቸው ሌሎች ሦስት አሉት። ዩኔስኮ በ2017 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። በስልክ ስፒከር ግን አትሞክሩት፤ ወፍራሙን የቱቦ ድምፅ ስለሚውጠው የሚቀረው ቀጭን ጩኸት ብቻ ነው። ተራ ኢርፎን ይበቃል።

ጂግ በተባለው የጭፈራ ዜማ ላይ የእኛ ጆሮ አይቸገርም። ምቱ ስድስት በስምንት ነው፤ ችክችካ የለመደ ሰው ወዲያው እግሩ ይነሣል። ሁለት ጊዜ ብቻ አጨብጭባችሁ በየጭብጨባው መሐል ሦስት ከቆጠራችሁ ጂግ ነው፤ ሦስት ጊዜ ካስጨበጨባችሁ ስሊፕ ጂግ። ሪል የተባለው ሌላው የጭፈራ ዜማ ግን በአራት ይሄዳል። በአይሪሽ ቋንቋ ያለ መሣሪያ የሚዘፈነው ሻን ኖስ እጅግ ውብ ነው፣ ነገር ግን ቃሉን ለማያውቅ ስለሚረዝም ለመጨረሻ አቆዩት።

መምህራን ደግሞ ዱኸስ የተባለውን ድረ ገጽ ይክፈቱ። ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤት አዛውንት ጠይቀው በደብተር የጻፏቸው ተረቶች፣ መድኃኒቶችና ጨዋታዎች እዚያ አሉ። «ተረት ተረት፣ የላም በረት» እያለ ላደገ ልጅ ይህ ቅርብ ነው፤ የራሱን ሰፈር አያቶች እንዲጠይቅም ጥሩ መነሻ ይሆነዋል። የእጅ ጽሑፉ ፎቶ ቶሎ አይከፈትም። በፊደል የተገለበጠው ግን ኔትወርኩ ሲደክምም ይነበባል።