ሊትማን ክላሲክ 3፦ ሲ ዋን ሳትገቡ፣ ለዕረፍት ይዛችሁት ሂዱ

ፒሲ ቱን፣ ማለትም ሆስፒታል ከመግባት በፊት ያለውን የመጨረሻ የሕክምና ትምህርት ዓመት ጨርሳችሁ ወደ ቤተሰብ ለምትሄዱ፣ ስትመለሱ ደግሞ ሲ ዋን ብላችሁ ጋውን ለብሳችሁ ዋርድ (የታካሚዎች ክፍል) ለምትገቡ ነው ይህን የምጽፈው። ከታች የሚመጡት ልጆች ስለ ስቴቶስኮፕ፣ ስለ ደረት ማዳመጫው፣ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ "ስቴቶ የቱን ልግዛ?" መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሊትማን ክላሲክ 3 ግዙ። ካርዲዮሎጂ የሚባለውን ውዱን ሊትማን ለጊዜው ተዉት። ደግሞ ሲ ዋን እስኪጀመር አትጠብቁ፤ ለዕረፍት ከመውጣታችሁ በፊት ግዙትና ይዛችሁት ሂዱ። ከሦስቱ ምክሮች ሰው የሚንቃት የመጨረሻዋን ነው፤ እኔ ደግሞ የምከራከርላት እሷን ነው።

(የትምህርት ካላንደሩ ከኮሮና ወዲህ ስለተዘበራረቀ የአንዳንዶቻችሁ "ክረምት" ጥር ላይ ሊውል ይችላል። ያው ነው።)

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። የክላሲክ 3 ራስ፣ ደረት ላይ የሚያርፈው፣ ሁለት ፊት አለው፤ ትልቁ ለአዋቂ፣ ትንሹ ለልጅ። ሁለቱም ላይ ዲያፍራም (ስስ ሽፋን) አለ። የድሮዎቹ በአንድ ወገን ዲያፍራም፣ በሌላው ወገን ቤል የሚባል ሽፋን የሌለው ክፍት ጎድጓዳ ነበራቸው፤ ዲያፍራሙ ለቀጭን ድምፅ፣ ቤሉ ለወፍራም። እዚህ ግን ያንኑ ዲያፍራም ደረት ላይ ቀለል አድርጋችሁ ስታሳርፉት ወፍራሙን ድምፅ ታገኛላችሁ፣ ጫን ስትሉት ቀጭኑን። ታካሚውን ሳትነቀንቁ፣ የስቴቶውን ፊት ሳታዞሩ፣ በጣታችሁ ብቻ። መጀመሪያ ልዩነቱ አይሰማም። የምትጫኑት እጅ እየለመደ ሲሄድ ነው ጆሮ የሚከተለው። እውነተኛ ቤል ያስፈልገኛል የሚል ደግሞ የትንሹን ወገን ዲያፍራም አውልቆ አብሮ የሚመጣውን የጎማ ቀለበት ያስገባበታል። እኔ እንደዚያ አድርጌው ነው የከረምኩት። ፔዲ አታችመንት (የሕፃናት ክፍል ልምምድ) ስገባ መለስኩት።

ቱቦው 69 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱ 150 ግራም አካባቢ። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ውሎ አይከብድም። ርዝመቱ ግን ለረጅም ሰው ያንሳል፤ አልጋው ዝቅ ካለ ታካሚው ላይ ትደፋላችሁ፣ ከዚያ ወገቤን ማለት ይመጣል። አንዱ የማልወድለት ነገር ይህ ነው። ሌላው የጆሮው ብረት አዲስ ሲሆን የሚይዘው ነገር። ጭንቅላት ይጨምቃል። ሁለቱን የብረት ዘንጎች በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ስትለጥጧቸው ይላላል፤ አንዴ ከመጠን በላይ ካላላችሁት ግን ድምፅ ማሾለክ ይጀምራልና በትንሽ በትንሹ።

"ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ" ለምትሉ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የጆሮው ጫፍ ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫ እንዲያመለክት አድርጋችሁ ነው የምታስገቡት፤ ከተገለበጠ የጆሮን ግድግዳ ነው የምታዳምጡት። ሁለተኛ፣ ከሁለቱ ፊቶች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። የስቴቶውን ራስ ይዛችሁ ቀጭ እስኪል ስታዞሩት ነው ሌላው የሚከፈተው። ደረት ላይ ከማሳረፋችሁ በፊት በጣት መታ መታ አድርጋችሁ ሞክሩት። ሲኒየር ፊት፣ ታካሚ ደረት ላይ፣ በተዘጋው ፊት "ኖርማል ነው" ያለ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም።

አሁን ወደ ዕረፍቱ። ቤተሰቦቼ ደብረ ብርሃን ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አልነግረውም፤ ለማያውቅ፣ ጋቢ ላይ ጋቢ የሚደረብበት አገር ነው። እዚያ ብርድ ውስጥ ባዶ ብረት የሰው ደረት ላይ ብታሳርፉ ታካሚው ይዘላል። ክላሲክ 3 ዙሪያው በጎማ የታጠረ ስለሆነ ቅዝቃዜው አይነካም። አያቴ ከዚህ በፊት ሌላ ዕቃ ሲነካት "ኧረ በስመ አብ!" ብላ ነበር እጄን የመለሰችው፤ በዚህኛው ዝም ብላ ተቀመጠችልኝ።

የሕክምና ተማሪ ቤት ገባ ማለት ሰፈሩ በሙሉ ታካሚ ሆነ ማለት ነው። ገና ፒሲ ቱ የጨረሰች ልጅ መሆኔን ማንም አይሰማም፤ "ዶክተራችን መጣች" ተብሏል፣ አለቀ። ጠዋት ቡና ሲፈላ ይጀመራል። "እስኪ ልጄ፣ ይቺን ግፊቴን ለኪኝ።" እጃቸው ላይ ሹራብ አለ፣ ከሹራቡ ላይ ጋቢ፣ ሲኒው ደግሞ በእጃቸው ነው። "እትዬ፣ መጀመሪያ ልለካዎት፣ ቡናው ይቆየን" ስል ቤቱ በሙሉ ይስቅብኛል። ቡና ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ ከጠጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፦ አቦሉ ሳይቀዳ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ክንዱ ከልብስ ወጥቶ። ዝም ብሎ መቀመጡን ማስከበር ነው የከበደኝ። ከፍ ብሎ ያገኘሁባቸውን በሌላ ቀን ደግሜ ለክቼ ወደ ጤና ጣቢያ ላክሁ። መድኃኒት አልናገርም። እናንተም እንዳትናገሩ።

ለስቴቶው ግን ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላገኝም። ኮሮትኮቭ የሚባለው ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1905 የገለጸው ድምፅ፣ አየሩ ሲለቀቅ ደም ወሳጁ ላይ የሚመጣው ያ ኳ ኳ፣ ወፍራምና ደካማ ነው። ክላሲክ 3 ክርን ላይ ቀለል ብሎ ሲያርፍ ጥርት አድርጎ ያመጣዋል። ጎን ለጎን የሞከርኩት ርካሹ ባለ ሁለት ቱቦ ስቴቶ ግን ቱቦዎቹ እርስ በርስ እየተፋጩ የራሳቸውን ድምፅ ያሰማሉ፣ ግፊቱን ትቼ ጎማውን ነበር የማዳምጠው። ለአንድ ለሁለት ወር ይሁን ካላችሁ ይሁን። ለሲ ዋን አይሆንም።

ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ሲ ዋን ስትገቡ የሚያሳዩዋችሁ ሁሉ በሽተኛ ነው። መርመር (የልብ ጉርምርምታ) ስሙ፣ ክራክል (የሳንባ ፍንጥቅጥቅታ) ስሙ፣ ጋሎፕ (ተጨማሪ የልብ ድምፅ) ስሙ ይባላል፤ ጤነኛ ልብ ምን እንደሚል ጆሯችሁ ገና ሳይለምደው። ወረፋ አለ፣ ከኋላችሁ ተማሪ ተሰልፏል፣ ታካሚው ደክሞታል፣ ስለዚህ ያልሰማችሁትን "ሰማሁ" ብላችሁ ታልፋላችሁ። ቤት ውስጥ ግን ማንም አይቸኩልም። አያቴን፣ እናቴን፣ አክስቶቼን፣ የሰፈር ልጆችን፣ ኳስ ተጫውቶ የገባውን ታናሽ ወንድሜን፣ ሁሉንም አዳመጥኳቸው። ወንድሜ ላይ ነው አንድ ነገር ያገኘሁት። ከደረቱ አጥንት በግራ በኩል፣ ከላይ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው የጎድን አጥንት መካከል ዲያፍራሙን ጫን አድርጌ "ሳብ... ልቀቅ" ስለው፣ አየር ሲስብ ሁለተኛው የልብ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል፣ ሲለቅ ይገጥማል። ፊዚዮሎጂ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ያለፈ ነገር ነው፦ አየር ሲሳብ ወደ ቀኝ ልብ የሚመለሰው ደም ይበዛል፣ የሳንባው ቫልቭ ዘግየት ብሎ ይዘጋል። ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ወንድሜ "በቃኝ፣ አዞረኝ" እስኪለኝ ድረስ አስደጋገምኩት። ለዚህ 100 ብር አስከፍሎኛል።

ይህ የት እንደጠቀመኝ ልንገራችሁ። ሜዲሲን አታችመንት (የውስጥ ደዌ ክፍል ልምምድ) ላይ ብዙ የሩማቲክ የልብ ሕመም ታያላችሁ። አገራችን ውስጥ የወጣቶች ሕመም ነው፤ በልጅነት ሳይታከም ባለፈ የጉሮሮ ቁስለት ይጀምርና ዓመታት ቆይቶ ቫልቩን ያጠብባል፣ ታካሚዎቹም በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ሲወጉ ይኖራሉ። የሚትራል ስቴኖሲስ፣ ማለትም የጠበበው የግራ ልብ ቫልቭ ድምፅ ደግሞ የተማሪ ጠላት ነው። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ በሁለተኛውና በመጀመሪያው ድምፅ መካከል የሚያጉረመርም። ታካሚውን በግራ ጎን አስተኝታችሁ፣ አፔክስ (የልብ ጫፍ) ላይ፣ በቤል፣ ሳትጫኑ ነው የሚገኘው። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም) በተራ በተራ ሲያሰማን እኔ ጉርምርምታውን ወዲያው አላወቅሁትም። ያወቅሁት አንድ ነገር ነው፦ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ዝምታ ነበር፣ አሁን ዝምታው የለም። ከዚያ መፈለግ ጀመርኩ፣ መጣልኝ።

ስለዚህ ካርዲዮሎጂ 4 ካልገዛሁ ለምትሉ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ በአንዱ ቱቦ ውስጥ ሁለት የድምፅ መንገድ አለው፣ ደካማ ድምፅ ላይ ይበልጣል። ይከብዳል፣ ዋጋውም በብዙ ይጨምራል። ግን አስታማሚው ሲያወራ፣ የጎን አልጋው ታካሚ ስልክ ሲደወልለት፣ በር ሲንጓጓ፣ ያ ልዩነት በግማሽ ይጠፋል። ልብ ሐኪም ልሁን ብላችሁ ከወሰናችሁ ያኔ ትገዛላችሁ።

ግዢው ነው ራስ ምታቱ። አሜሪካ ውስጥ ክላሲክ 3 ከ100 ዶላር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ የስቴቶው ዋጋም አብሮ ወጣ፤ ከእኛ በፊት የገዙት ልጆች ሲነግሩን ተረት ነው የሚመስለው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እሱ ነው መንገዱ። ከስልክ በፊት ስቴቶ ለምኑ።

እዚሁ ከገዛችሁ አስመስሎ የተሠራው በዝቷል። የዶርም ጓደኛዬ ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ "ኦሪጅናል" ተብሎ ገዝታ ዲያፍራሙ በሁለት ወር ተፈታ፣ ሻጩም ብሎክ አደረጋት። እውነተኛው ብረቱ ላይ የተቀረጸ መለያ ቁጥር አለው፤ ካርቶኑ ላይ ብቻ ከሆነ ወይም በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ ተዉት። ዋጋው ከሌላው ሁሉ በግማሽ ካነሰም ተዉት። ደግሞ አንዱ ካርቶን ላይ 3ኤም ሌላው ላይ ሶልቬንተም የሚል ብታዩ አትደንግጡ። ዴቪድ ሊትማን የሚባለው የልብ ሐኪም ያቋቋመውን ኩባንያ 3ኤም እ.ኤ.አ. በ1967 ገዝቶት ነበር፣ በ2024 ደግሞ የ3ኤም የጤና ክፍል ተለይቶ ሶልቬንተም ሆነ።

አያያዙ ቀላል ነው። በአልኮል ጥረጉት፣ ውኃ ውስጥ አትንከሩት፣ ፀሐይ ላይ አትተዉት። የአንገት ወዝ ቱቦውን ከጊዜ ጋር ያደርቀዋልና ከኮሌታ በላይ አድርጉት። ከታካሚ ወደ ታካሚ ስትሄዱ መጥረግን ብዙ ሰው ይረሳል። እናንተ አትርሱ።

ማበደርን በተመለከተ፣ "አንዴ፣ አሁን እመልሳለሁ" የሚለው ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) ውሸታም አይደለም፣ ሌላ ዋርድ ተጠርቶ ነው። ስቴቶው ግን ሄደ። ስማችሁን አስቀርጹበት፣ ካልሆነ ፕላስተር ለጥፉበት። ቀለም ስትመርጡም ጥቁሩን ተዉት፣ ግማሹ ዋርድ ጥቁር ነው የያዘው። የእኔ ቡርጋንዲ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ሰው አንገት ላይ አውቄው ወስጃለሁ።